ጭድ የሌለው ጭቃ

መራጊው በጸሎት ማኅበሩ ዘንድ «ነቢዩ» ይባላል፤ ሥራ ቦታ ግን ያው ጭቃ ረጋጭ ነው። እሁድ ዕለት ታላቅ እህቱን በሰው ሁሉ ፊት «እግዚአብሔር ከስኳር በሽታሽ ፈውሼሻለሁ ይልሻል» አላት። እሷም አመነችውና የኢንሱሊን መርፌዋን ተወች።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እህቱ ውሃ ጠጥታ አልረካ ማለቷ እየከነከነው ጭቃውን ሲረግጥ፣ አብሮት የሚሠራው አናጢ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ይስቃል።

«ነቢዩ፣ ስለ ሙያህ ተጽፏል እኮ። ሕዝቅኤል ላይ፣ ከገዛ ልባቸው አውጥተው ትንቢት የሚናገሩትን እግዚአብሔር እኔ አልላክኋቸውም ይላል። ገለባ በሌለው ጭቃ ግድግዳ ይመርጋሉ፣ እኔም በዶፍ ዝናብ አፈርሰዋለሁ ነው የሚለው።»

መራጊው አልሳቀም። ጭድ የሌለው ጭቃ እንዴት ተሰነጣጥቆ እንደሚረግፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እግሩን እንኳ ሳይታጠብ እየሮጠ እህቱ ቤት ደረሰ። ከንፈሯ ደርቆ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች አልጋዋ ላይ ተኝታለች።

«እታለም፣ እግዚአብሔር ምንም አላለኝም። ከራሴ አውጥቼ ነው።»

«በእሱ ስም?»

«መርፌውን ስትወጊ ሳይ አንጀቴን በላሽው።»

በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

«ሰው ፊት ያልከውን ሰው ፊት ትመልሰዋለህ» አለችው በደከመ ድምፅ። «አሁን ሐኪም ቤት አድርሰኝ።»

አዝሏት ሲወጣ፣ ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ደጅ ላይ አገኘቻቸው።

«ውይ ነቢዩ፣ ምን ሆነችብህ?»

«ዋሽቻት ነው» አላት፣ እርምጃውን ሳይገታ።