የአርዲስ መስኮትና ሦስቱ ቢጫ ብሎኖች

የሰሜኑን በረዶ ሸሽተን፣ ቤታችንን በመኪና እየጎተትን አሜሪካ ውስጥ ዩማ በረሃ ላይ የምንሰፍር ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ የመስኮታችን የውስጥ ክፈፍ ሲላላ ሱቅ አንሄድም። አርዲስ ዘንድ ነው የምንሄደው።

አርዲስ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታለች። እስካሁን ሰው ስታናግር ከኋላ ወንበር የሚረብሽ ልጅ የምትገሥጽ ትመስላለች። ስትጠራ ክፈፉን አትነካም። መጀመሪያ ከመስኮቱ በታች ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቷ ትጫናለች። «ክፈፍ በራሱ አይላላም፤ ከኋላው ያለው እንጨት ነው የሚከዳው» ትላለች። ከዚያ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አንድ በአንድ ትፈታና እንደየቦታቸው በእንቁላል ካርቶን ውስጥ ትደረድራቸዋለች። መልሳ ስታጠብቅ በሁለት ጣቷ ብቻ ነው። ድሪል ይዞ የተጠጋት ሰው ወዮለት።

እኔ ጎረቤቷ ሆሊስ ነኝ። አርባ ዓመት የቤት ዕቃ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ከአውቶቡስ ነጂ ትምህርት መቀበል ደሜን ያፈላዋል።

«በሁለት ጣት፣ ሆሊስ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ አናጢ ነኝ!»

«ያንተ ቁም ሳጥን አውራ ጎዳና ላይ አይንገጫገጭም።»

ባለፈው ጥር የሳንባ ምች ያዛትና አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ልጇ ከርት ከሚኖርበት ከፋርጎ ከተማ ደውሎ ቁርጡን ነገራት። «እሑድ እመጣለሁ። ቤቱን በራስሽ እየጠገንሽ መኖር የምትችዪ ከሆነ ትቆያለሽ። ካልቻልሽ ግን አብረን እንመለሳለን፤ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ክፍል ይዤልሻለሁ።» እሷም ተስማማች። አርዲስ ደግሞ ቃሏን አታጥፍም።

እኔ ታዲያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብኝ። ቤቷን እየጠበቅሁ ሳለሁ ከአልጋዋ በላይ ያለው መስኮት ክፈፉ ተንቀሳቀሰብኝ። ስትመለስ ላስደንቃት ፈለግሁ። የድሮዎቹ ብሎኖች አልይዝ አሉ፤ እንጨቱን ለቀቁ። እዚያ ላይ ቆሜ ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ከዕቃ ሳጥኔ ሦስት ረጃጅም ቢጫ ራስ ብሎኖች አወጣሁና በድሪል አስገባኋቸው። ክፈፉ ቀጥ አለ። በራሴ ተደስቼ ምሳዬን በላሁ።

ለካ ጫፋቸው የውጩን ቆርቆሮ በስቶ ወጥቷል። በዚያው ሳምንት፣ ዝናብ በማያውቀው በረሃ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ።

ማክሰኞ አርዲስ ተመለሰች። እንደ ልማዷ ግድግዳውን በአውራ ጣቷ ተጫነች። ጣቷ ርጥብ ዳቦ ውስጥ እንደ ገባ ሰመጠ። ክፈፉን ፈታች፣ ሦስቱን ቢጫ ብሎኖች አንድ በአንድ አየቻቸውና በእንቁላል ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

«ውኃ ገብቷል» አለችኝ። «ለግድግዳው ሞራሌ እንጨት ቁረጥልኝ።»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቆረጥሁላት። እሷ አምስት ቀን ሠራች። አሥር ደቂቃ ትሠራለች፣ እያሳለች አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። የበሰበሰውን እየቆረጠች አወጣች፣ የቀረውን በትንሽ ማሞቂያ አደረቀች፣ አዲሱን እንጨት አስገባች፣ ውጪ ያሉትን ሦስት ቀዳዳዎች ደፈነች። የመስኮቱን ጠርዝ እንደ ሊጥ በሚለጠጥ ማሸጊያ ከበበችው። ክፈፉን ስትመልስ በሁለት ጣት ነበር። አርባ ዓመት በሙያው ቆይቼ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አላየሁም፤ ቀናሁባት።

እሑድ ከርት መጣ። እሱም የእናቱ ልጅ ነውና ከሁሉ በፊት ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። ድንጋይ ነው። ፈገግ አለ። በኋላ ዓይኑ ካርቶኑ ላይ አረፈና አንዱን ቢጫ ብሎን አነሣ።

«እማዬ፣ ይሄ ከዚህ ነው የወጣው?»

«አዎ።»

«አንቺ ነሽ ያስገባሽው? ቆርቆሮውን ይበሳል እኮ! ለእኔ በአሥር ዓመቴ ያስተማርሽኝን ረሳሽው?» ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ ፈርቷል።

አርዲስ መስኮቷን አየች። እኔን አላየችኝም።

«ሻንጣዬ አልጋው ሥር ነው» አለችው።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እኔ መሆኔ ያኔ ገባኝ።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽሁ። «በድሪል ነው ያስገባሁት! እሷ ሆስፒታል ነበረች። ያበላሸሁት እኔ፣ ያዳነችው እሷ!»

ከርት ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አናጢ ነኝ ትል አልነበር እንዴ?»

«ይላል እንጂ» አለች አርዲስ።

ሰኞ ጠዋት ከርት ብቻውን ወደ ፋርጎ ተመለሰ። መኪናው ከዓይን እንደ ተሰወረ ጠየቅኋት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማክሰኞ። እዚህ ሰፈር ቢጫ ራስ ብሎን ከአንተ ሌላ ማን አለው?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ልትሄጂ ነበር እኮ!»

«ጎረቤቴ ላይ አሳብቄ ምን ልሠራ እቆያለሁ? አንተ ራስህ እስክትናገር ጠበቅሁ።» ካቻቢቴዋን ከኪሷ አወጣች። «አምስት ቀን ፈጀብህ፣ አንተ ዘገምተኛ። ና፣ አሁን ያንተን መስኮቶች እንይ።»

በሰባ አራት ዓመቴ እንደዚያን ቀን አፍሬም፣ ሰው ወድጄም አላውቅም።