ጋቢውን ማን ቀነሰ?

አምቦ በነበረችው ጠባብ ቢሯችን በየጠዋቱ ቆመን ነበር የምንሰበሰበው። የምንቆመው ስብሰባው እንዲያጥር ነው ተብሏል። አስተባባሪያችን አዲስ አበባ ሄዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ ወንበር ጠላ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ፣ እግሬ አብጦ፣ "ትናንት ምን ሠራሽ? ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ? ምን አስቸገረሽ?" እባላለሁ። አንድ ቀን "የሚያስቸግረኝ ይኸው ስብሰባ ነው" አልኩት። በቢጫ ወረቀት ጻፈና ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። እዚያው ተለጥፎ ከረመ።

ሥራችን ግን የቀልድ አልነበረም። በጤና ጣቢያ ለታመሙ ጨቅላ ሕፃናት የሚሰጠውን የመርፌ መድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። ነርሷ ሕፃኑን ትመዝናለች፣ ዕድሜውን ትሞላለች፣ ታብሌቱ "ይህን ያህል ስጪ" ይላታል። መድኃኒቱ ካነሰ ሕፃኑን አያድነውም፤ ከበዛ ኩላሊቱንና ጆሮውን ይጎዳዋል። ስለዚህ እኔ ድርቅ አልኩ። አሥር ጊዜ ሞክረነው ሠራ ማለት አይበቃም፣ የትኛውም ክብደትና ዕድሜ ቢገባ ፕሮግራሙ ከመድኃኒቱ ሕግ እንደማይወጣ በሒሳብ ይረጋገጥ አልኩ። እንዲህ ዓይነት ማረጋገጫ መጻፍ ወራት ይፈጃል። አንዷን መስመር ለማለፍ ሳምንት የፈጀሁበት ጊዜ አለ።

አስተባባሪው ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ዙር የሚታይ ነገር ይፈልጋል።

"ይሄ ማረጋገጫሽ ስክሪን ላይ ምን ይመስላል?" ይለኛል።

"ምንም አይመስልም።"

"እና ገንዘብ የሚሰጡን እንግዶች ሲመጡ ምን እናሳያቸው?"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኩት። እሱም መልስ አያጣም፤ "አንቺ ታጥቀሽ እስክትጨርሺ ሠርጉ ያልቃል" አለኝ። በዚህ ዓይነት ነበር የምንውለው።

በዚህ መሃል ካይዘን የሚሉት የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ መጣ። የስቴፕለሩ ቦታ ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ በቀለም ተከበበ፤ ስቴፕለሩ ግን እንደ ድሮው ይጠፋል። ብክነት የሆነ ነገር ሁሉ ከሥራችን ይውጣ ተባለ። እውነቱን ልናገርና፣ ይህንን ሐሳብ እኔም ወድጄው ነበር። ከጤና ጣቢያ የመጣውን የሥራ ቅደም ተከተል ወረቀት ዘርግቼ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንዱ ላይ "ነርሷ ሚዛኑን ታነባለች፤ ክብደቱን በእጇ ትጽፋለች" ይላል። እጅ ይሳሳታል፣ ሦስቱን ስምንት ያደርገዋል። ሚዛኑን በገመድ ከታብሌቱ ጋር ካገናኘነው ቁጥሩ ራሱ ይገባ የለ እንዴ? ያንን መስመር ሰረዝኩት። አስተባባሪው በጣም ደስ ብሎት ሻይ ጋበዘኝ። ጠበኞቹ ሁለታችን ያን ቀን እንደ እህትና ወንድም ሆንን።

ጤና ጣቢያው ድረስ ሄጄ ሥራውን በዓይኔ ልየው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። በሚኒባስ ቢሄዱ ከምሳ በፊት የሚደረስበት ቦታ ነው። ዛሬም ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ፕሮግራሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ያዋልነው ሐምሌ ላይ ነው፤ ከጊንጪ ወጣ ብሎ በደንዲ በኩል ባለ ጤና ጣቢያ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የተቀበለችን ነርስ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላት። አስተባባሪው እንግዶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚመጡ ዛሬውኑ ይጀመር ብሎ ተቻኩሏል። ይዘነው በመጣነው አዲስ ሚዛን ላይ ገመዱን ሰካሁ፣ ታብሌቱን አበራሁ፣ ሲስተሯም ከጎኔ ቆማ አየችኝ።

መጀመሪያ የገባችው ከገጠር የመጣች ወጣት እናት ናት። የአሥራ ሁለት ቀን ልጇ ትኩሳት አለው፤ ከትናንት ጀምሮ ጡት አልያዘም። በጋቢ ጥቅልል አድርጋዋለች፣ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። እንዳለ ሚዛኑ ላይ አስተኛችው። ታብሌቱ ላይ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም የሚል ቁጥር ወጣ። እናትየዋ ስንት ሆነ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀች። እኔ ነኝ ቸኩዬ የነገርኳት። ሲወለድ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ነበር፤ ፊቷ ፈካ። "ገለታ ዋቃ" አለች፣ ፈጣሪን አመሰገነች።

ሲስተሯ የመድኃኒቱን መጠን አንብባ ሲሪንጁን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

"ይሄ በዛ" አለች።

"አልበዛም ሲስተር። በሒሳብ ተረጋግጧል፤ ሊሳሳት አይችልም።"

"በሒሳብ" አለች፣ የሰው አገር ቋንቋ እንደምትለማመድ ሁሉ። "ይሁን። ጋቢውን ማን ቀነሰ?"

አልገባኝም ነበር። በትዕግሥት አስረዳችኝ፤ ያ ትዕግሥቷ ከስድብ በላይ አሳፈረኝ። በዚህ ብርድ የታመመ ልጇን ሰው ፊት ራቁቱን የምታስተኛ እናት የለችም። ብርዱም አለ፣ የሰው ዓይንም አለ። ስለዚህ ሲስተሯ ለዓመታት ሚዛኑን ታነብና መጠቅለያውን ታያለች፤ ጋቢ ከሆነ ይህን ያህል፣ ነጠላ ከሆነ ይህን ያህል ብላ በጭንቅላቷ ቀንሳ ነው የምትጽፈው።

"እጄ የሚጽፈው ለዚህ ነበር" አለችኝ። "አሁን የምጽፍበት ቦታ የታለ?"

የምትጽፍበትን ቦታማ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። የማረጋገጫዬ የመጀመሪያ መስመር ትዝ አለኝ፤ "ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የሕፃኑ ክብደት ነው እንበል" ይላል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ልክ ነው። ወራት የለፋሁት ከዚያ በታች ላለው ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት ለካ እኔን ነው።

አስተባባሪው ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይሄ ጥሩ ግብረ መልስ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን። ለዛሬው ግን..."

"የምን ዙር?" አልኩት። "ሕፃኑ እኮ አሁን ሚዛኑ ላይ ነው ያለው።"

ገመዱን ነቀልኩት። ይህ ነገር ሳይስተካከል ፕሮግራሙ ይሠራል ብዬ እንደማልፈርም ነገርኩት። እንግዶቹስ አለኝ። ስቴፕለሩን አሳያቸው አልኩት። ለአንድ ወር ያህል አላናገረኝም፤ ስብሰባውም ለካ ሲፈለግ ያጥር ኖሯል።

እኛ ስንጨቃጨቅ ሲስተሯ ሥራዋን ትሠራለች። ሕፃኑን ከጋቢው አውጥታ ለእናቱ ሰጠቻት፤ እናቱም ደረቷ ላይ አድርጋ በፎጣዋ ሸፈነችው። ሲስተሯ ጋቢውን ብቻውን ሚዛኑ ላይ አኖረችና ዜሮ ማድረጊያውን ተጫነች። ከዚያ ልጁን እዚያው ላይ አስተኝታ መልሳ ጠቀለለችው።

"አሮጌው ሚዛን ይቺ ቁልፍ አልነበረችውም" አለች። "ካለችማ ምን ቸገረኝ? ገመድሽንም መልሺው።"

መለስኩት። ቁጥሩ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ሆነ፤ መድኃኒቱም በዚያው ልክ ቀነሰ። ሲስተሯ "አሁን ልክ ነው" ብላ ወጋችው። ከዚያ እጇን እየታጠበች፣ ዘወር እንኳን ሳትል፣ "ዛሬ ተራው የእኔ ባይሆንስ? አዲስ የተቀጠረችው ነርስ ብትሆን እኮ ታብሌትሽ ያላትን ነበር የምትሰጠው" አለችኝ።

በኋላ ፕሮግራሙ መጠቅለያው ብቻውን ተመዝኖ ዜሮ ካልተደረገ መጠን እንዳይናገር አደረግነው። የመጀመሪያውን መስመርም እንደገና ጻፍኩት፤ የጻፍኩት ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ ሲስተሯ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ሕፃኑም መርፌውን ጨርሶ ጡት መያዙን በስልክ ነግራኛለች።

ከሁሉም የማይለቀኝ ግን የእናትየዋ ነገር ነው። መርፌው ካለቀ በኋላ ልጇን አቅፋ ታብሌቱን ስታይ ቆየች። ቁጥር ታነባለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"ኢንኒ ዱራ ካን ኤኙ ቱሬ?" አለች፤ የቅድሙ ቁጥር የማን ነበር ማለቷ ነው።

ሲስተሯ ፎጣ ላይ እጇን እያደረቀች "አንቺ ንገሪያት" አለችኝ።

ከነጋቢው ነበር አልኳት በኦሮምኛ፤ ስህተቱም የእኛ እንደሆነ ነገርኳት። ወደ ልጇ ፊት ጎንበስ ብላ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችው።

"ታዲያ አልጨመረም" አለች።

"አልጨመረም" አልኳት።