አማቴና የራይት ክሊኩ ተራ

ባለፈው ወር ልጃችን አዲስ ኮምፒውተር ገዛችልኝ። ከፍቼ የማውሱን ቀኝ ብጫን የማውቀው ረጅም ዝርዝር የለም። ጥቂት ትእዛዞች ብቅ አሉና የቀሩት «ተጨማሪ» ከሚል በር ጀርባ ተደብቀዋል። እኔ ደግሞ የለመድኩትን ነገር ሲነኩብኝ አልወድም። እንደ ድሮው ላስተካክለው ስታገል ባለቤቴ ሰናይት ከሳሎን ሆና ሳቀች።

«ደግሞ የማንን አባት ልታስቀይም ነው?»

ያስቀየምኩት የራሷን አባት ነው።

ያኔ ወጣት ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ሳጉሬ፣ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ሆኜ ገብቻለሁ። ሳጉሬ ክረምቷ ጫማ የሚያስወልቅ ጭቃ ነው፤ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ የጭላሎ ተራራ ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል። ቅቤ የጠገበ የገብስ ጭኮ ባይኖር ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ወደ አገሬ እመለስ ነበር። ጭኮና ሰናይት ብል ይሻላል። ሰናይት አስተማሪ ነበረች። በልባችን ተስማምተን ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ተነጋግረናል። አባቷ አቶ ዘለቀ ግን የእኛው ቢሮ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ በዕድሜም ታላቃችን። ሠርግ ላይም ሆነ ማኅበር ላይ ከእሳቸው በላይ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቢሮው ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው። ሁሉም የጻፈውን እፊቱ ላይ ጥሎ ስለሚሄድ ስክሪኑ ዶሮ የበተነው ስጥ መስሏል። እኔም ለየሠራተኛው ፎልደር ከፈትኩና የሁሉም ስም በራይት ክሊክ፣ «ላክ» በሚለው ሥር እንዲወጣ አደረግሁ። ጽሑፉን የጨረሰ ሰው ቀኙን ይጫናል፣ ስሙን ይመርጣል፣ አለቀ። ይህን ብልሃቴን መጀመሪያ ማን ይየው? የወደፊት አማቴ ናቸዋ! ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው።

አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን አደረጉ። ኮምፒውተሩ ስሞቹን በሀሁ ተራ ደርድሯቸዋል። በዚያው ዓመት የተቀጠረው ልጅ እግር ሁሴን ከላይ ጉብ ብሏል። ዘለቀ ከሁላችንም በታች፣ መጨረሻ ላይ።

«ጥሩ ነው» አሉና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

በማግስቱ ሰናይት መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። «አባባ እራት አልበላም። ‹ትናንት ከገባ ልጅ በታች አደረገኝ› እያለ ነው። ምን ነካህ?»

ሁሴን ጉዳዩን ሲሰማ እጁን አወናጨፈ። «ወላሂ እኔ የለሁበትም! ከፈለግህ ስሜን ዘውዱ ብለህ ጻፈው፣ ቶሌ፣ እሺ ብያለሁ!»

ከስማቸው ፊት የአንድ ቁጥር ጻፍኩበት። «1 ዘለቀ» ዘሎ ከላይ ወጣ፤ ፊታቸውም ፈካ፣ እስከ ምሳ ሰዓት። ከምሳ በኋላ የቢሮው ኃላፊ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። «ይህ ቢሮ ከመቼ ጀምሮ ነው አንደኛው መዝገብ ቤት የሆነው?» አሉኝ። ሲመሽ ቁጥር የማይጠይቀኝ ሠራተኛ አልነበረም።

ቅዳሜ በሚኒባስ አሰላ ወረድኩ። መንገዱ ግራና ቀኙ የደረሰ ገብስ ነው፤ እኔ ግን የሚታየኝ የአቶ ዘለቀ መነጽር ብቻ ነበር። ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ታሪኬን ሰምቶ እስኪያለቅስ ሳቀ። «እያንዳንዱ በየስሙ እንዲገባ አድርግ፤ ያኔ ለየሰዉ የየራሱ ዝርዝር ይኖረዋል። ሁሉንም በየቤቱ ንጉሥ አድርገው» አለኝ።

ሰኞ እንዲሁ አደረግሁ። የድሮውን ገጽ ከነዝርዝሩ ለራሴ አስቀረሁና ለሌላው ሁሉ አዲስ ከፈትኩ። ማንም ሲገባ የራሱ ስም ከላይ ነው። ቢሮው ሰላም ሆነ፤ አቶ ዘለቀም ሻያቸውን እስከ አተላው ይጠጡ ጀመር።

ፋሲካ አልፎ ሽማግሌዎች ላክሁ። ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። ለካ አቶ ዘለቀ አንድ ቀን በሁሴን ትከሻ ላይ አሻግረው አይተዋል! ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለዋቸዋል፦ «ሁሴን ዘንድ አንደኛው ሁሴን ነው። ሁሉንም አንደኛ ነህ የሚል ሰው ልጄን ምን ሊላት ነው? የራሱን ገጽ ያሳየኝ፤ ማንም በማያየው ቦታ ማንን ከላይ እንዳደረገ ልየው።»

ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት አቶ ዘለቀ ከኋላዬ ቆሙ። በራሴ ገጽ ላይ ምን እንዳለ እንኳ አላስታውስም። ቀኙን ተጫንኩ። «1 ዘለቀ» ይላል፤ ከሁሴን በላይ፣ ከኃላፊው በላይ። ያ ቁጥር ሳላጠፋው ቀርቷል። እሳቸው ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሽማግሌዎቹ እሁድ ይምጡ» አሉኝ።

ይህን ታሪክ በየድግሱ ሳወራው ኖርኩ። ባለፈው እሁድ ሳጉሬ ሄደን ስለ አዲሱ ኮምፒውተር ሳማርር አማቴ በምርኩዛቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«ያኔ ረስተኸው እንደነበር ፊትህ ላይ አይቻለሁ።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን እሺ አሉ?»

«ሽማግሌዎቹን ከመለስኩ ወዲያ ልጅቷ አኩርፋኝ ነበራ! ሰላምታ የለ፣ አብሮ መብላት የለ። በልቤ እሺ ካልኩ ቆይቼ ነበር፤ ክብሬን ሳልጥል እሺ የምልበት ሰበብ ነው ያጣሁት።»

ሰናይትን ዘወር ብዬ አየኋት። ምንም እንዳልሰማች ሆና ለአባቷ ወጥ ትጨምራለች። ይህን ሁሉ ዘመን የዳረኝ ኮምፒውተር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሰናይት ኩርፊያ ነው።