የዝንብ ጠርሙሶቻችንና የእማየ ዓይን

ባለፈው ቅዳሜ ሞጣ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጁስ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ አንገቱ ተቆርጦ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የውሃ ፕላስቲክ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ውስጡ ያለው የስኳር ውሃ ኮምጥጦ ዝንቦቹ ከላዩ ጠቁረው ተንሳፍፈዋል። ያ ጣፋጭ መስሎ ጀምሮ ጎምዝዞ የሚያልቅ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የያዝሁትን ብርጭቆ አስቀመጥሁና ሳላጋምሰው ከፍዬ ወጣሁ። ባለቤቱ ጁሱ አልጣመኝ መስሎት ተቀይሞኝ ይሆናል።

እኔ ያደግሁት ቢቸና፣ ጠላ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ የምትጠምቀው ጠላ ከገበያ የሚመለሰውን ገበሬ ወደ ቤታችን ይጎትተው ነበር፤ ከጓሮ የሚደፋው አተላ ደግሞ የአገሩን ዝንብ ሁሉ ይጠራው ነበር። ዝንቡ ከደንበኛ ቀድሞ በጠዋት ይመጣል፣ ከደንበኛ ጋር ሲመሽ ይሄዳል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የስፌት መኪናቸውን በረንዳው ላይ ዘርግተው በአንድ እጃቸው ጨርቁን እየገፉ በሌላው ዝንቡን እሽ ሲሉ ይውላሉ።

የእማየ ዓይን መቼ መታመም እንደጀመረ አላውቅም። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይወጋት ስለነበር፣ ጠጪ ሳይበዛ ደጅ ፀሐይ ላይ እንቀመጥና ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጋ ወረንጦውን ትሰጠኛለች። እኔም ትንፋሼን ይዤ አንዷን ፀጉር ከሌላዋ እየለየሁ እነቅልላታለሁ። ለጥቂት ቀን ይሻላታል፤ ከዚያ መልሶ ይበቅላል።

የፊት ክፍላችንን የተከራየችው ሲስተር ገነት ከሐረር ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች። አንድ ቀን ወረንጦ ይዤ አየችንና አጠገባችን ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ይኼ በወረንጦ የሚያልቅ አይደለም። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን የሚያዞረው ዝንቡ ነው። የታጠፈው የዓይንዎ ቆብ ደግሞ በኦፕራሲዮን ይስተካከላል። ሞጣ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

«ጠላውን ማን ይጠምቀዋል ልጄ?» አለች እማየ። «እስቲ ፋሲካ ይለፍ።»

አባየ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዘው የቀሩት ዝንቡን ነው። ኦፕራሲዮን የሚባለው ነገር ያስፈራቸው ነበር፤ ለዝንብ ግን እጃቸው የሚሠራው ነገር አላጣም። ሲስተር ገነት እንዳሳየቻቸው ወረቀቱን እንደ ቆሎ መጠቅለያ አሹለው ይጠቀልሉታል፣ ሹሉን ጫፍ በመቀስ ቀንጠብ ያደርጉታል፣ ከዚያ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ይሰኩታል። ከሥሩ አተላ በማር ለውሰው ያደርጉበታል፤ የነካው ዝንብ ቶሎ እንዲሰጥም ደግሞ የተወቀጠ እንዶድ ጣል ያደርጉበታል። በስፌት ክር እያሰሩ ከጣሪያው ጠርዝ ሲሰቅሏቸው ቤታችን የበዓል ቤት ይመስል ነበር።

ጠርሙስ መድፋት የእኔ ሥራ ሆነ። ይዤ ስወጣ የጎረቤት ዶሮዎች ሁሉ ተሰልፈው ይከተሉኛል። ጠጪዎቹም አባየን አላስቀምጥ አሏቸው። «እኛ አተላ የበዛበት ጠላ እንጠጣለን፣ ዝንቡ ማር ጠጥቶ ይሞታል» አለ አንዱ፤ ቤቱ ሳቀ፣ እማየም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። እኔ የምደፋው ዝንብ ሁሉ ከእሷ ሕመም ላይ የሚቀነስ ይመስለኝ ነበር።

«እማየ፣ ዛሬ ጠርሙሱ ሞልቷል» እላታለሁ።

«ተባረኪ፣ ዛሬማ ቀሎኛል» ትለኛለች።

የቀለላት ነገር አልነበረም። እኛ በፊት ለፊት የምናጠምደውን ዝንብ የጓሮው አተላ እጥፍ አድርጎ ይፈለፍለው ነበር፤ አተላው እንዳይደፋ ደግሞ ጠላው መቅረት ነበረበት፣ ጠላው ከቀረ የምንበላው የለም። ፋሲካ አለፈ፤ ሠርግ መጣ፣ የሠርግ ጠላ ታዘዘ፤ ክረምት ገባ። ሲስተር ገነት ተዛውራ ስትሄድ የአባየን እጅ ይዛ «አባቴ፣ ጠርሙሱን ይተዉትና እሳቸውን ይውሰዷቸው» አለቻቸው። እሺ አሏት።

የወሰዷት እማየ በደንበኛ ፊት ጠላውን ከዋንጫው ውጭ የቀዳች ዕለት ማግሥት ነው። በአውቶቡሱ መሐላችን አስቀምጠናት ሞጣ ገባን። ዶክተሩ በመብራት አንዱን ዓይን አየ፣ ሌላውን አየ፣ መልሶ የመጀመሪያውን አየ።

«ቆቡን እናስተካክላለን፤ ሕመሙ ይቀንስላቸዋል» አለ። «ብሌናቸው ግን ነጭ ሆኗል። ብርሃናቸው አይመለስም።»

አባየ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ። «ዝንቡን እኮ ስንከላከል ነበር፣ ዶክተር» አሉ።

እማየ ወደ አባየ ድምፅ ዞራ «ተው፣ አንተ ምን ያላደረግኸው አለ» አለቻቸው።

አባየ እስኪሞቱ ድረስ ጠርሙስ መስቀላቸውን አልተዉም፤ ተዉ የሚላቸውም አልነበረም። ጠላ ቤቱ ተሸጦ ፈረሰ። እኔ ሞጣ አግብቼ ስቀር እማየን ወደ ቤቴ አመጣኋት። መስኮቴ ወንፊት አለው፣ ግቢዬ ንጹሕ ነው፣ ሐኪም ቤቱ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ያኔ ያጣነው ሁሉ አሁን፣ ምንም በማይጠቅማት ጊዜ፣ ዙሪያዋን ከብቧታል።

ትናንት ከሰዓት ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለች አንዲት ዝንብ ዓይኗ ጥግ አረፈች። እማየ እጇን አላነሳችም። ሮጬ ደረስሁና በመዳፌ አባረርሁላት።

«ምን ነበር?» አለችኝ።

«ዝንብ ነው፣ እማየ።»

«ተያት» አለች። «ምን የምትወስደው ቀርቷት ነው።»