ከርከሮዎቹ ቀድመው የወጡበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር፣ አያቴ ማታ ማታ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ስለ ብላቴ ወንዝ ተረት ይነግረን ነበር። ቤታችን ከዳምቦያ ገበያ ወደ ወንዙ ሲወረድ ዳገቱ ላይ ነው። እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ኩራዙ ይርገበገባል፣ እኛ ልጆች ግን ንቅንቅ አንልም። የሚያወራው በከምባትኛ ነበር፤ በአማርኛ ስናገረው ግማሽ ጣዕሙ ይጠፋብኛል። በተረቱ ውስጥ ወንዙ ሊሞላ ሲል አስቀድሞ የሚነግረው ለአውሬዎቹ ነው። ከርከሮና ጃርት ልጆቻቸውን አስከትለው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ያያቸው ሰውም ከብቱን እየነዳ ይከተላቸዋል። ያኔ እንዲህ ያለ ወንዝ አጠገብ መኖር ያኮራኝ ነበር።

አንድ ክረምት ከርከሮዎቹ እውነትም መጡ፤ ጃርቶቹም። የጓሯችንን እንሰት ሥሩን እየፈነቀሉ ይበሉ ጀመር። እንሰት ደግሞ ስንት ዓመት ተጠብቆ የሚደርስ ምግባችን ነው። አያቴ በጣም ተናደደ። ጦሩን ይዞ ከጎረቤቶቻችን ጋር ቁልቁል አሳደዳቸው። ከዚያም ታናሽ ልጁን፣ አክስቴን ማርታን፣ ወንዙ ዳር ያለውን እንሰት ማማ ላይ ሆና ቆርቆሮ እየመታች እንድትጠብቅ አዘዛት።

«አባዬ፣ ውሃው ሊመጣ ቢሆንስ? አንተው አይደለህ እንዴ የነገርከን?» አለችው።

አያቴ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

«እሱ ተረት ነው ልጄ። ከርከሮ የሚመጣው ሆዱን ብሎ ነው።»

ሲመሽ ማርታ ላስቲክ ተከናንባ ወረደች።

ሊነጋጋ ሲል ላይ አገር የዘነበው ሁሉ ወንዙን ሞልቶ መጣ። ጩኸቱ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሲነጋ ማማው የነበረበት ቦታ የሚታየው ድፍርስ ውሃ ብቻ ሆነ። የታችኛው መንደር ሰዎች ላሞቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ያለቅሳሉ፤ ቆጮ የቀበሩበት ጉድጓድ ሁሉ ጭቃ ገብቶበታል። እኛ ያባረርናቸው ጃርቶች ከነልጆቻቸው አጥር ሥር በደለል ተይዘው ሞተዋል። ማርታን ያገኟት ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው፣ ከመንደሩ ርቆ ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ። የዚያን ዕለት የአያቴን ፊት ማየት ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ ተረት ነግሮን አያውቅም። እሳቱ ዳር ይቀመጣል፣ ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሳል፣ አለቀ። በቀጣዩ ክረምት አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ስትወጣ ጎረቤቶቻችን ጦር ይዘው ሮጡ። አያቴ ከፊታቸው ቆመና የእንሰቱን አጥር በገዛ እጁ ነቅሎ ከፈተላት። ከዚያ ዳገቱ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ይጮህ ጀመር።

«ማርታ! ውጪ! ማርታ!»

ውሃው ግን አልመጣም። አያቴ እስኪሞት ድረስ በየክረምቱ እንዲሁ ነበር፤ እንሰታችን እየተበላ አለቀና እናቴ ቆጮ ከገበያ መግዛት ጀመረች፣ አንድ ቀን እንኳ ግን አልወቀሰችውም።

አሁን የምኖረው ሆሳዕና ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንቅልፍ አይወስደኝም። የማስበው ስለዚያ ጩኸት ነው። የታችኛው መንደር ሰዎች ስሟን ሲሰሙ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ፍየሎቻቸውን እየጎተቱ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ ዳገቱን ይወጡ ነበር። ያኔ ውሃውን ፈርተው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ብዙዎቹ የሚወጡት አያቴ ጮኾ የሚመጣለት ሰው እንዳያጣ ብለው ነው።