የጃክፍሩቱ ምትክ

አባቴን የማገኘው በዓመት አንዴ ነበር። መርካቶ ብርድ ልብስና አንሶላ ይነግዳል፤ መስቀል ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ወልቂጤ መናኸሪያ ይወርድና ሳምንት ሳይሞላው ይመለሳል። የሰፈራችን አባቶች አብዛኞቹ እንደዚያ ስለነበሩ ማንንም አይገርምም። እኔን ግን ያናድደኝ ነበር። ልጅ ሆኜም ቁጡ ነበርኩ፣ አሁንም አልተወኝም።

አስር ዓመት በሞላኝ መስቀል አባቴ አንድ የዘይት ቆርቆሮ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ውስጡ ከክንዴ የምታጥር ችግኝ አለች። በጅማ መስመር የሚሠራ ሹፌር ወዳጁ ከቆላ እርሻ አምጥቶ የሰጠው ነው። በደጃችን አልፋ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ነው ወደ እኛ የተመለሰችው።

"ጃክፍሩት ይባላል" አለን። "ፍሬው ከዱባ ይበልጣል። የሚወጣውም ከቅርንጫፉ እንዳይመስላችሁ፣ ከግንዱ ነው። ቅጠሉን ስትቀነጥሱት ወተት ይፈስሰዋል። ወልቂጤ ውስጥ ይህ ዛፍ ያለው ሰው የለም!"

ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጎን ተከላት። ታላቅ ወንድሜም እናቴም ቆመው ሳለ ወደ እኔ ዞረ። "ይህችን ላንቺ ሰጥቻለሁ። ከርሞ ስመጣ አድጋ እንዳገኛት" አለኝ። ወንድሜ ለመስቀል የሚታረደው ሰንጋ ጠባቂ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን የምንም ነገር ጠባቂ አልነበርኩም። ያን ቀን እራት የበላሁት ቀና ብዬ ነው።

ችግኟን የገደልኳት ስለወደድኳት ነው። ጥር ላይ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ እንደየዓመቱ እንሰት ሊያባዛልን መጣ። የእንሰት አበዛዝ እንዲህ ነው፦ ለጋውን እንሰት ከሥሩ ከፍ አድርገው ይቆርጡታል፣ የተረፈውን ጉቶ መሐል ለመሐል ልቡን ፍቀው ያወጡታል፣ ከዚያ ፍግና አፈር አልብሰው ይቀብሩታል። ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ዙሪያውን ሃምሳም ስልሳም ችግኝ ይፈላል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ተክል የሚበዛው እንዲህ ነው ብዬ አምኛለሁ። አጎቴ ሲሄድ ቢላዋውን አነሳሁና ጃክፍሩቷን ቆረጥኳት። ልቧን በቢላዋው ጫፍ ፈልፍዬ አወጣሁ፣ ፍግ አለበስኳት፣ ቀበርኳት። አባቴ ሲመጣ አንድ የተወውን ስልሳ አድርጌ ላሳየው ነው።

ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እየሄድኩ አፈሩን አያለሁ። የአጎቴ እንሰት በሚያዝያ ፈላ። የእኔ ጸጥ አለ። ግንቦት ላይ ትዕግሥቴ አልቆ ቆፈርኩት፤ አንድ የጠቆረ፣ የሸተተ እንጨት አገኘሁ። መልሼ ቀበርኩትና እንሰቱ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

የፈራሁት ዱላ አልነበረም፤ አባቴ መትቶኝ አያውቅም። የፈራሁት ጥያቄውን ነው። በእኛ ቤት ቂምና ምስጢር ይዞ መስቀል አይገባም። ሰንጋው ሊታረድ ሲል፣ በዋዜማው ምሽት፣ አባቴ ሁላችንንም ሰብስቦ ከትንሽ እስከ ትልቅ ይጠይቃል። "የያዝሽው፣ የደበቅሽው ነገር አለ?" "የለም" ብለን እንንበረከካለን፣ እጁን አናታችን ላይ ጭኖ ይመርቀናል። በውሸት ላይ ያረፈ ምርቃት ተገልብጦ እርግማን ይሆናል ይላሉ። ትንሿ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጥያቄው የሚጀምረው ከእኔ ነው።

ሰኔ ላይ ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወረድን። ዳሩ ላይ ወገቤ ድረስ የምትደርስ የሾላ ችግኝ በቅላለች። ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም፣ አንድ ቅጠል ቀነጠስኩ። ነጭ ወተት ወጣ! በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ከነአፈሯ ነቀልኳት፣ በኮባ ጠቅልዬ አመጣኋት፣ የጃክፍሩቷ ቦታ ላይ ተከልኳት። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ሳትጠወልግ ያዘች።

አባቴ በመስቀል ሲመጣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ጓሮ ገባ። ቅጠል ቀነጠሰ፣ ወተቱን በጣቱ አሸ፣ ሳቀ። "እንዲህ ያለ ልጅ ነው የወለድኩት!" አለ። አባቴ በስምንት ዓመቱ ነው ከገጠር ወጥቶ ከአጎቱ ጋር መርካቶ የገባው፤ ዛፍን በቅጠሉ አይለይም። በዋዜማው ምሽት ሲጠይቀኝ "የለም" አልኩ። እጁን አናቴ ላይ ጭኖ መረቀኝ። ኅዳር ላይ ወባ ያዘኝ፤ እርግማኑ ነው ብዬ ብቻዬን፣ ማንም ሳይሰማኝ ተናዘዝኩ፣ ስድን ግን ለአባቴ መንገሩን ተውኩት።

እንዲህ እያልን አምስት መስቀል አለፈ። በየዓመቱ ዘንድሮስ እነግረዋለሁ እላለሁ። በየዓመቱ አባቴ መርካቶ ውስጥ ስለ ዛፉ ለማን ለማን እንዳወራ ይነግረናል፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ሾላው ከአጥሩ በላይ ወጣ። ሾላ በድፍን ማለት እንዲህ ነው፣ ማንም ሳይከፍተው ዓመት ይቆጥራል። እናቴ ሥሩ እየተቀመጠች ጎመን ትቀነጥሳለች፣ "ጥላው ደስ ይላል" ትላለች፣ ሌላ ነገር አትናገርም። እኔ የምጸልየው ፍሬ እንዳያፈራ ብቻ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል። በስድስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ግንዱ አረንጓዴ ጉብ ጉብ አወጣ። ሾላም ፍሬው ከግንዱ ነው! በዚያ ሳምንት አባቴ ደወለ። ሞባይል ወልቂጤ ከገባ ብዙም አልቆየም፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ይጮሃል። እናቴ ስለ ዛፉ ሲጠይቃት "ከግንዱ አንድ ነገር አውጥቷል" አለችው። የደስታ ጩኸቱ እኔ እስከተቀመጥኩበት ተሰማ። ሁለት የመርካቶ ነጋዴዎች ይዞ እንደሚመጣ፣ ፍሬውን እንደሚያሳያቸው ተናገረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ዛፉን ስለማድረቅ ብቻ ሆነ። የፈላ ውኃ ሥሩ ላይ ላፍስስ ወይስ ጋዝ እያልኩ አወጣና አወርድ ነበር። አንድ ከሰዓት መጥረቢያ ይዤ ጓሮ ገባሁ። አንስቼ ልሰነዝር ስል ከኋላዬ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

"አስቀምጪው" አለች። "ዛፉ ምን አደረገ?"

መጥረቢያውን ተቀብላኝ ገባች። ለምን እንደያዝኩት አልጠየቀችኝም።

በዚያ ዓመት አባቴ በመስቀል ዋዜማ በኮንትራት ሚኒባስ መጣ። እንግዶቹ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው እየመረጡ ይረግጣሉ። ቤት ሳይገቡ ቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። ፍሬዎቹ ቀላ ብለው ግንዱን ሞልተውታል፤ ትልቁ ሎሚ አያክልም።

"ከዱባ ይበልጣል አላልከንም እንዴ?" አለ አንደኛው እየሳቀ።

አባቴ አንዷን ቀጠፈ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ከፈላት። ከውስጧ ጥቃቅን ትንኞች ብን ብለው ወጡ። ከስምንት ዓመቱ በፊት ስንት ሾላ እንደዚያ ከፍቶ ትንኙን እፍ ብሎ በልቷል። እጁ ባለበት ቀረ። እኔ የማየው አንገቱን ብቻ ነበር፤ አንገቱ ቀስ እያለ ደም ለበሰ።

"ገና ለጋ ነው" አላቸው። "ለማደግ ጊዜ ይፈልጋል። ኑ፣ ቤት ግቡ።"

ምሽት ላይ እንግዶቹ ወደ ሆቴላቸው ሄዱ። እኛ ተሰበሰብን። እንደ ልማዱ ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅኩ፤ እሱ ግን መሬት መሬት እያየ "ዛሬ ከእኔ ልጀምር" አለ። "እንግዶቼን ዋሽቻለሁ። ይቅር በሉኝ።"

ሳይጠይቀኝ ተንበረከክሁ። ቢላዋውን፣ ፍጉን፣ የሸተተውን እንጨት፣ ወንዙን፣ ሁሉንም ነገርኩት። "እንደ እንሰት ይበዛልሃል ብዬ ነው፣ አባዬ" አልኩት።

"እንደ እንሰት ቆረጥሻት?"

"አዎ።"

አፉ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ሲቃጣው አየሁ። ያኔ እናቴ "እኔም ይዣለሁ" አለች። ወንድሜም አንገቱን ደፍቶ "እኔም" አለ።

ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት ብቻዬን ስሸከም፣ በወባ ስንቀጠቀጥ፣ እነሱ እያወቁ! "ታውቁ ነበር?" ብዬ ጮህኩ።

እናቴም ተቆጣች። "ታዲያስ! ልጄን ላሳጣት ኖሯል? ደግሞስ ሾላ የማያውቅ ሰው ማን አለ?"

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሁላችንም ዓይናችንን ሰበርን። 

"አለ እንጂ" አለ አባቴ።

ከዚያ መረቀን፣ አንድ በአንድ። አናቴ ላይ ያሳረፈው እጅ ከወትሮው ቆየ። ከመስቀል በኋላ ግን ከሌላው ዓመት ቀደም ብሎ ሄደ፤ ሲወጣ ወደ ጓሮ አልዞረም። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ከእንግዲህ አይመጣም ብዬ ሦስት ወር በፍርሃት ኖርኩ።

ጥር ላይ፣ በዓል በሌለበት በአንድ ተራ ማክሰኞ፣ አባቴ ባዶ እጁን በሩን ከፍቶ ገባ። እናቴ ደረቷን ይዛ "ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም አልሞተም" አላት። "ቤቴ በጥር ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም።"

አጎቴ እንሰት የሚያበዛበት ሳምንት ነበር። አባቴ ኮቱን ሾላው ላይ ሰቀለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቢላዋውን ከአጎቴ ተቀብሎ ለእኔ አቀበለኝ።

"እስቲ አሳይኝ" አለ። "ከየት ነው የሚቆረጠው?"