ቦይለሩን ማን አጠፋው?

ሺምሪት አቡቱቡል ሰው ያለበት ክፍል ገብታ መብራት የምታጠፋ ሴት ናት። «አላየኋችሁም» ትላለች፤ ውሸቷን ነው። እስራኤል፣ ዮቅነዓም ከተማ ውስጥ፣ እኔም በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙ ፈጣን የኔትወርክ ካርዶች ኃይል እንዳያባክኑ የምታደርገው እሷ ናት። ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ሰው አልተፈጠረም፤ በዚህ እከራከራለሁ። ካርዷ መዳፍ ብታክል ነው። ግን በትልልቅ የኮምፒውተር አዳራሾች በሺዎች ተደርድራ ስትግል፣ እሷን ለማቀዝቀዝ ብቻ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ጉድ ያሰኛል።

አመሉን ያወረሷት አብረዋት የሚኖሩት አባቷ መኽሉፍ ናቸው። ክረምት ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት ቤተሰቡ ለሰንበት ሲታጠብ፣ አንዱ ከሻወር በወጣ ቁጥር ውሃ ማሞቂያው ቦይለር ይጠፋል፤ ሌላው ሊገባ ሲል ይበራል። አባት ካላጠፉት ልጅ ታጠፋዋለች።

ካርዷንም እንዲሁ አደረገቻት። ካርዷ ዳታ የምታስተላልፍባቸው አራት መስመሮች አሏት፤ ሥራ ባይኖርም አራቱም ነቅተው ይግላሉ። የሺምሪት ሐሳብ፣ ሥራ የፈታ መስመር ወዲያው ይተኛ የሚል ነው። ዓመት ሙሉ ለፋችበት። ካርዷን የሚያሠራው ቺፕ የመጨረሻ ንድፍ እሑድ ወደ ፋብሪካ ሊላክ ነው፤ ከተላከ በኋላ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም።

ሐሙስ፣ ለሙከራ በተሠራ ቺፕ ላይ ሐሳቧን ሞከርነው። ካርዷ ጭራሽ ከበፊቱ ብሳ ጋለች።

«ይቺ እኮ እንቁላል ትጠብሳለች» አላት አለቃችን ኢያድ ኸውሪ። «መስመሮቹ ይተኛሉ አላልሽም?»

«ይተኛሉ እኮ!»

«እየቃዡ ነዋ! ስሚ፣ እስከ እሑድ ጠዋት ካላስተካከልሽው ከንድፉ አወጣዋለሁ። ማራገቢያ እንለጥፍባታለን።»

«ማራገቢያውስ በጸሎት ነው የሚዞረው? እሱም ኤሌክትሪክ ይበላል!»

«ከምትቀልጥ ይብላ።»

ለሺምሪት ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ፊቷ ሲቀላ አየሁ፤ አሳዘነችኝ።

ዓርብ ከሰዓት ንድፉን አብረን ልናይ ቤቷ ሄድኩ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ኮምፒውተሩን ገና ከመክፈታችን ልጇ አጋም ጸጉሯ ላይ አረፋ እንደተቆለለ፣ ፎጣ ተጠቅልላ እየተንቀጠቀጠች መጣች።

«እማዬ! ቦይለሩን ማን አጠፋው?»

«ወንድምሽ ሲወጣ አጠፋሁት፤ አንቺ ስትገቢ አበራሁልሽ። ምን ጎደለብሽ?»

«ሙቅ ውሃ ነዋ! እኔ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ ምን ያስጠፋሻል?»

«አባባ እንደዚህ ነው ያሳደገኝ።»

«አባባ መኽሉፍማ መጨረሻ ገብቶ በቀዝቃዛ ነው የሚታጠበው! እኔም እንደሱ ልሁን?»

ሺምሪት ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። የተናደደች መስሎኝ ነበር።

«በር ላይ የቆመ ሰው እያለ…» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበች። «አየህ? ቀጣዩ ዳታ ደጅ ላይ ቆሟል፤ እኔ መስመሩን አስተኛለሁ። እንደገና ሲነሣ ደግሞ ተኝቶ ያተረፈውን ኤሌክትሪክ እጥፍ አድርጎ ይጎርሳል። ቀኑን ሙሉ ሲተኛ ሲነሣ ነው የጋለው!»

መድኃኒቱ አንዲት የመጠበቂያ ጊዜ ቁጥር ናት፤ መስመሩ ሥራ ሲፈታ ከመተኛቱ በፊት ጥቂት ይጠብቅ። ለሌላ ሰው ቀላል ነው። ለሺምሪት ግን በከንቱ የሚበራ ነገር እያየች ዝም ማለት ጥርስ ከመነቀል አይተናነስም። ቁጥሯን ጻፈች፤ አጠፋቻት፤ እያጉረመረመች መልሳ ጻፈቻት።

እሑድ ጠዋት ካርዷ ሙሉ ሥራ ስትሠራ ቆይታ መዳፌን አሳረፍኩባት። ለብ ብላለች። ኢያድም ነካት፤ የሙቀት መለኪያውን አየ፤ እንደገና ነካት።

«ይላክ» አለ። «ማራገቢያውን ቤትሽ ውሰጂው።»

«ቤቴ ውስጥ ማን ሊያበራው?»

በሚቀጥለው ዓርብ ለሰንበት እራት ጠሩኝ። ሁሉም ታጥቦ ሲያበቃ መኽሉፍ እንደ ልማዳቸው ቦይለሩን ሊያጠፉ ተነሡ። ሺምሪት ግን ቀድማ ማጥፊያው ላይ እጇን ጋርዳ ቆማለች።

«ተው አባዬ፤ ገና የሚታጠብ አለ።»

«ማን ቀረ? ልጆቹ ጨርሰዋል፤ አንቺም ታጥበሻል።»

«አንተ ቀርተሃል።»

ሽማግሌው እጇን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ። ብዙ ቆዩ። እንፋሎቱ በበሩ ሥር መውጣት ሲጀምር፣ ከውስጥ ሻካራ የዘፈን ድምፅ ተሰማ። ሺምሪት እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«በዕድሜዬ» አለችኝ፣ «ሻወር ውስጥ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም።»